ቧንቧው ያደገበት ሰፈር

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሰይፉ ቁርሱን የበላው በቁሙ ነው። ዳቦውን በአንድ እጁ፣ ቀጥታ የሚለካበትን ባለ ክር ቱንቢ በሌላ እጁ ይዞ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ይመላለሳል። መስኮቱ ጋ የሚወስደው ሌላ ነገር አይደለም፤ ከዚያ ሆኖ የውሃ ማማው ይታየዋል። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ዳር ላለው ሰፈራቸው በገዛ እጁ በይዶ ያቆመው ማማ ዛሬ ሊመረቅ ነው።

"ሰውዬ፣ ቁጭ ብለህ ዋጥ አድርገው። ማማው እንደሆነ አይሸሽህ" አለችው ሚስቱ ዘነበች።

"እስቲ መጥተሽ እዪው ዘኑ፤ ሙሽራ አይመስልም?"

"ትናንትም ሙሽራ ነው ብለኸኝ አይቼዋለሁ።" ይህን ስትል በሩን በትከሻዋ እየገፋች ነበር። በሩ ካለፈው ክረምት ወዲህ አልዘጋም አልከፈትም እያለ አስቸግሯታል። ሰይፉ በመላጊያ ጠርዙን ላግ ላግ ያደርግላታል፤ በሩ ጥቂት ሳምንት ይታዘዝና መልሶ ያምጻል። "ይልቅ ይሄንን አንድ ቀን ቁርጡን ብታደርገው ምን አለ?"

"ከምረቃው በኋላ!" ብሎ ዳቦውን እንደጎረሰ ወጣ።

ሰይፉን ለማያውቀው፣ በዚያ ሰፈር ውሃ የሚተፋ ጉድጓድ ካለ ፓምፑን ያወረደው እሱ ነው። ብየዳ ቤቱ ስትገባ ግድግዳው ላይ ቀጫጭን የብረት ገመዶች ተጠቅልለው ተሰቅለው ታያለህ። እያንዳንዱ ገመድ የአንድ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ባለቀ ቀን ሰይፉ በገመዱ ጫፍ ከባድ ብረት ያስርና ታች ጥቁሩ ድንጋይ ላይ እስኪያርፍ ይለቀዋል። ከዚያ ገመዱን ወጥሮ፣ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ጉድጓዱን እስከ ላይ በሚደግፈው ቧንቧ አፍ ትክክል ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይቋጥርበታል። የጎረቤቱ የሽፋ ገመድ አረንጓዴ ጨርቅ አለው፤ የራሱ ደግሞ ከዘነበች አሮጌ ቀሚስ የተቀደደ ቀይ። ሌሎቹ ፓምፕ ሠሪዎች ይስቁበታል፣ ምን ያደርግልሃል ይሉታል። "የጉድጓዱ እትብት ነው፤ እትብት ይጣላል እንዴ?" ይላቸዋል።

ፓምፕ ግን ምን ያደርጋል፣ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ማን ያየዋል? ማማ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሰይፉ በማማው አንድ እግር ላይ፣ ለመንገደኛ ዓይን በሚመች ቦታ፣ በብየዳ ጎላ ጎላ ባሉ ፊደላት ስሙን ጻፈበት። ዘነበች ፊደላቱ በዙም ተለቁም ብላ ነበር። እሱ ግን ከባጃጅ ውስጥ ሆኖ እንኳ ካልተነበበ ምኑን ስም ሆነ ብሎ አልሰማትም።

ሌላም ደስታ ነበረው። ዛሬ ከምረቃው በኋላ ሽፋ ጉድጓድ ውስጥ ትልቅ ፓምፕ ሊያወርድ ነው። ሽፋ ከማማው አጠገብ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን የሚያለማ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ስልክ ደውሎ "ሰይፉ ቶሎ ና፣ ወላሂ ቧንቧዬ አደገ" አለው።

ሰይፉ እየበረረ ሄደ። እውነትም አድጓል። ጉድጓዱ ሲጠናቀቅ የቧንቧው አፍ ጉልበቱ ጋ ነበር፤ አሁን ጭኑን ሊያልፍ ነው። በዙሪያው ያፈሰሱት ሲሚንቶ እታች መሬቱ ላይ ተለጥፎ፣ ቧንቧው ብቻውን ሽቅብ ወጥቷል። ሁለቱ ዞረው ዞረው አዩት። ሰይፉ አገጩን አሻሸና ፍርዱን ሰጠ። ውሃው ከታች ተትረፍርፎ እየገፋው ነው፤ ድስት ሲፈላ ክዳኑን ያነሳ የለ? እንደዚያ ነው አለ። ሽፋ እጁን ዘርግቶ "አልሃምዱሊላህ" አለ። ሰይፉም "ጌታ ይባረክ" አለና አንድ ሳጥን ቲማቲም ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ቧንቧ ሲለካ ከረመ። ባለ ጉድጓድ ሁሉ ሰላምታው እሱ ሆነ። "ያንተ የት ደረሰ?" "ጉልበቴን አልፏል፣ ያንተስ?" ቧንቧው ያላደገለት ሰው ሳምንት ሙሉ ያኮርፋል። ሰይፉም ደረቱን ነፍቶ፣ ውሃ እንዲህ ከተረፈ ትንሽ ፓምፕ ምን ይሠራል፣ ትልቅ አድርጉ ይላቸዋል። እሱ ካለ ማን ይጠራጠራል? ከራሱ ከሰይፉ ጀምሮ አንድ በአንድ ትልቅ አደረጉ። በመጨረሻ የቀረው ሽፋ ነበር። የእሱም አሮጌ ፓምፕ ትናንት ወጥቶ፣ ጉድጓዱ አፉን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ፣ አዲሱና ግዙፉ ፓምፕ ጋሪ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል።

ሰፈሩ ከማማው ሥር ሞልቷል። ድንኳን አለ፣ ድምጽ ማጉያ አለ፣ ከማማው አንድ እግር ወደ ሌላው የተወጠረ ቀይ ሪባን አለ። ሰይፉ ካንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ይጨብጣል፣ ትከሻ ይገጫል፤ መሬት አልበቃው ብሏል። ሪባኑን የሚቆርጡት የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሀብተወልድ ናቸው። ከጎጃም በወጣትነታቸው መጥተው ቡታጅራ ላይ ሂሳብ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ የተዛነፈ መስመር ካዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው።

አቶ ሀብተወልድ ተናግረው ጨረሱ፣ መቀሱን ከፈቱ፣ ቀና ብለው ማማውን አዩ። መቀሱ እንደተከፈተ ቀረ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንገታቸውን ወደ ግራ ዘመም አደረጉ።

"ሰይፉ" አሉ። ማጉያውን ማጥፋቱን ረስተውት ነበርና ድምጻቸው እስከ አስፋልቱ ተሰማ። "ይሄ ነገር አላጋደለም?"

ሕዝቡ በሙሉ ቀና አለ። ከዚያ በሙሉ አንገቱን ወደ ግራ ዘመም አደረገ። አንድ ባጃጅ ነጂ ከኋላ "በቃ ጥያ ድረስ መሄድ ቀረ፤ የዘመመው ትክል ድንጋይ እዚሁ መጣልን" ሲል ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ።

ሰይፉ አልሳቀም። መሰላሉን ወጣና ከማማው አናት መሐል ቱንቢውን ለቀቀ። ማማውን ያቆመ ቀን ቱንቢው የሚያርፍበትን ቦታ ሲሚንቶው ላይ በምስማር ምልክት አድርጎበት ነበር። ቱንቢው ወርዶ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና ቆመ። ከምስማሩ አንድ ስንዝር ወደ ሽፋ ማሳ በኩል ርቆ ነበር የቆመው። ሰይፉ እላይ ሆኖ ያንን ሲያይ ክው አለ።

"ትናንት ውሃ ስንሞላበት ክብደቱን አልቻለም ማለት ነው" አሉ አቶ ሀብተወልድ፤ ሰው ማሳቀቅ የሚወዱ አይደሉም፣ ግን ሂሳብ ሂሳብ ነው። "ብየዳው ከድቶሃል ልጄ። ሥሩ ሰው ያልፋል፣ በዚህ አይመረቅም። ውሃው ይለቀቅለትና፣ ወልቂጤ አንድ ጎበዝ በያጅ አለ ይሉኛል፤ እሱ መጥቶ ያቃናዋል።"

ወልቂጤ! ይህች ቃል የሰይፉን ልብ እንደ መሰርሰሪያ ነው የበሳችው። ሰው ሥራህ አያምርም ቢለው ይችለዋል፤ የሠራኸውን ሌላ ያቃናልሃል ሲሉት ግን ዓይኑ ደም ለበሰ። ከመሰላሉ ወርዶ ስሙ ወደተጻፈበት እግር ሄደ። ሁሉም ሰው ፊደላቱን እያየ ነው። ለካ ዘነበች እውነቷን ነበር፣ በዝተዋል፣ ተልቀዋልም።

"ግራይንደሩን አምጡልኝ፤ ስሜን ልፋቀው" አለ።

ዘነበች ክንዱን ያዘችው። "መጀመሪያ ጥፋቱ ያንተ መሆኑን እወቅ። ያን ጊዜ ትፍቀዋለህ።"

ይህ አነቃው። መዶሻውን አንስቶ የማማውን መጋጠሚያ ሁሉ አንድ በአንድ ይቀጠቅጥ ጀመር። የተሰነጠቀ ብየዳ ድምጹ ይታፈናል፤ ደህናው ይጮሃል። አንዱ ጮኸ። ሁለተኛው ጮኸ። ሰይፉ እየተሯሯጠ ይመታል፣ ብረቱ ይጮሃል፣ የሕዝቡም ሳቅ እየቀነሰ መጣ። እታች እስከ መጨረሻው መጋጠሚያ አንድም የታፈነ አልነበረም። የእግሮቹን ርዝመት ለካ፤ እኩል ናቸው። ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ ማማው ያጋደለ መሆኑ ሊያሳብደው ደረሰ።

"ሰይፉ" አለች ዘነበች ቀስ ብላ። "የእኛም በር እኮ የሚያጋድለው ወደዚያው ነው። ወደ ሽፋ ማሳ።"

ሰይፉ መዶሻውን እንደያዘ ዞሮ አያት። በሩን ስንት ጊዜ እንደላገው ትዝ አለው፤ ሁልጊዜም በዚያው በኩል ነበር የሚልገው። ከዚያ እንደ ልጅ ሮጠ። ግንበኞች ወለል የሚያስተካክሉበትን ነጭ የላስቲክ ቱቦ ይዞ ተመለሰና ውሃ ሞላበት። አንዱን ጫፍ ሽፋ እንዲይዝለት አድርጎ፣ ከአንደኛው እግር መሠረት ወደ ሌላኛው ዘረጋው። በቱቦው ሁለት ጫፍ ውሃው እኩል ቆመ። መሠረቶቹ ግን እኩል አልነበሩም። ሲፈሱ በዚሁ ቱቦ አስተካክሏቸው ነበር፤ አሁን በሽፋ ማሳ በኩል ያሉት ዝቅ ብለዋል።

"መሬቱ ነው!" ብሎ ጮኸ ሰይፉ። "ብየዳዬ ንጹሕ ነው፣ መሬቱ ነው የወረደው!"

ሕዝቡ ተንጫጫ። መሬት ይወርዳል እንዴ የሚል አለ፣ ቱቦው ተሳስቶ ነው የሚል አለ። አቶ ሀብተወልድ እጃቸውን አነሱ። "ቆይ፣ ቆይ። ያኛው ወገን ከፍ ብሎ ቢሆንስ? ወረደ የምትለኝ ከምን አንጻር ነው? ከማይንቀሳቀስ ነገር ለካልኝና አምንሃለሁ።"

"የማይንቀሳቀስ..." ሰይፉ ዙሪያውን ቃኘ። "ጥቁሩ ድንጋይ! የሽፋ ቧንቧ ታች ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ነው የቆመው!"

"ያ እያደገ ነው ያልከን ቧንቧ?" አሉ አቶ ሀብተወልድ።

ጥያቄው ሰይፉን ቆንጠጥ አደረገው። ግን የወልቂጤው በያጅ በዓይኑ ላይ ነበርና አላዳመጠውም። ወደ ብየዳ ቤቱ በረረ። አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበትን ገመድ ከግድግዳው ላይ አውርዶ በትከሻው አድርጎ መጣ። ሕዝቡም ድንኳኑን ጥሎ፣ ሪባኑን ሳይቆረጥ ትቶ፣ ተከትሎት ወደ ሽፋ ማሳ ፈሰሰ። ሽፋ "ኧረ ጎመኑን አትርገጡብኝ" እያለ ከኋላ ከፊት ይላል።

ሽፋ ከረጢቱን ገለጠ። የቧንቧው አፍ አሁን ወገብ ጋ ደርሷል።

"ስሙኝ" አለ ሰይፉ እያለከለከ። "ይሄ ጨርቅ ያኔ ልክ አፉ ላይ ነበር። ውሃ ቧንቧውን ከድንጋዩ አንስቶ ገፍቶት ከሆነ ድንጋዩ ከአፉ ርቋል ማለት ነው፤ ጨርቁ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ጨርቁ አፉ ላይ ከቆመ ግን ቧንቧው ካለበት ንቅንቅ አላለም። መሬቱ ነው ጥሎት የወረደው።"

ገመዱን ለቀቀው። ብረቱ የቧንቧውን ግድግዳ እየነካካ ወረደ፣ ወረደ። ሰው አንገቱን አስግጎ ተጠጋ። ከሰይፉ ትከሻ ላይ ገመዱ እየተፈታ፣ አረንጓዴው ጨርቅ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። ከሥር ድፍን ያለ ድምጽ ተሰማ፤ ብረቱ ድንጋዩን ነካ። ሰይፉ ገመዱን ወጠረው። ጨርቁ በቧንቧው ከንፈር ላይ ቆሟል። ጣት አልወጣ፣ ጣት አልገባ።

"አፉ ላይ ነው! እዩት፣ አፉ ላይ ነው!" ሰይፉ ሽፋን አቅፎ አነሳው። ሴቶች እልል አሉ። ያ ባጃጅ ነጂ ራሱ እየገፋ መጥቶ ጨርቁን አይቶ "ጋሽ ሰይፉ፣ ይቅርታ አርገኝ በቃ፣ ቆንጆ ነህ" አለው። አቶ ሀብተወልድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ድምጽ ማጉያውን ያመጣ ሰው ነበርና ተቀብለው "ሰይፉ ነጻ ነው! ጥፋቱ የመሬቱ ነው!" አሉበት። ጭብጨባው ቀለጠ። የሰይፉ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

በዚህ መሐል ሽፋ ገመዱን ስቦ እየጠቀለለ ነበር። ሲጨርስ እጁን አየ። ደረቅ ነው። የረጠበችው ከብረቱ በላይ ያለችው ጫፏ ብቻ ናት።

"ሰይፉ" አለ፣ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ። "ያኔ ስንቆፍር ገመዱ እስከ ግማሹ ረጥቦ ነበር የወጣው። ተትረፈረፈ ያልከኝ ውሃ የታለ?"

ሰይፉ ገመዱን ተቀበለው። ከዚያ ሳይወድ ዓይኑ ጋሪው ላይ ወደተጋደመው ግዙፍ ፓምፕ ሄደ። ያ ቅድም አላዳምጥም ያለው ጥያቄ መልሱ አሁን ቁልጭ ብሎ ወጣ። መሬቱን ደግፎ የያዘው ውሃው ነበር።

ዘነበች ከጎኑ ቆማለች። እሷም ገብቷታል። "ቆጮ ውሃው ሲጨመቅለት እንደሚያንሰው" አለች ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምጽ።

ጭብጨባው አልበረደም። ሰይፉ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ስሙ ተመልሷል፤ መሬት ደግሞ ሲከሱት አፍ የለውም። ከሰዓት በኋላ ትልቁን ፓምፕ ያወርዳል፣ ሰው ያመሰግነዋል፣ ማታ እንቅልፉን ይተኛል። እውነቴን ነው፣ እዚያች ቦታ ላይ ብዙ ሰው ዝም ይል ነበር። ሰይፉም ዝም ሊል ፈልጎ ነበር፤ ግን የማማው ሥር ታየው፣ ሥሩ የሚያልፈው ሰው ታየው፣ ድምጽ ማጉያውን ከአቶ ሀብተወልድ እጅ ወሰደ።

"መሬቱ ጥፋት የለበትም" አለ። "ቧንቧችሁ አላደገም። የማንም ቧንቧ አላደገም። ውሃውን ጨምቀን ስናወጣው መሬቱ ከሥራችን አነሰ። እኛ ደግሞ ቧንቧ አደገ ብለን ጨፈርን።"

ጭብጨባው ተቆረጠ። ከዚያ ከመሐል አንድ ሰው "ትልቅ ግዙ ያልከን አንተ አይደለህ?" ብሎ በቁጣ ጮኸ።

"እኔ ነኝ" አለ ሰይፉ በማጉያው።

ማሳው በጩኸት ተናወጠ። የራሱን ቤት ግድግዳ ስንጥቅ አሁን ያስታወሰ፣ አጥሩ ለምን እንደዘመመ አሁን የገባው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል። ሁለት ባለ ጉድጓዶች ተቆጥተው ጥለው ሄዱ። ሽፋ ከቲማቲሙ መሐል ቆሞ "የእኔስ ቲማቲም? ይድረቅ?" አለ።

"አይደርቅም። አሮጌው ትንሹ ፓምፕህ ይመለሳል። በፈረቃ እናጠጣለን፣ ሰፈሩ በሙሉ በፈረቃ። ትልልቁ ግን ይውጣ። ከእኔ እንጀምር፣ አሁኑኑ፤ ማን ነው የሚያግዘኝ?"

የሰይፉን ነገር ታውቃላችሁ፤ ያሰበው ነገር እጁ ላይ ካልደረሰ አያርፍም። ባለሦስት እግሩን ማንሻ በራሱ ጉድጓድ ላይ ተከለው። ሰው ከበበው፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሰንሰለቱን ያዘ። አንዱ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ፓምፕ ሲወርድ እንጂ ሲወጣ እንዲህ ያለ ሆታ ተሰምቶ አያውቅም። ሽፋም "ኢንሻአላህ፣ እንግዲህ" ብሎ እጅ ሰጠና ከፊት ሆኖ ሳበ። ፓምፑ ጭቃ ለብሶ ብቅ ሲል የጮኸው የሰይፉ ድምጽ ከሁሉም በላይ ነበር። ሰይፉ ጉድጓዱን መልሶ የለካበትን የቀይ ጨርቁን ገመድ ራሷ ዘነበች ወሰደችና መልሳ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

አቶ ሀብተወልድ ሪባኑን በእጃቸው ጠቅልለው ከማማው ሥር ቆመው ሲጠብቁት አገኛቸው። ታንከሩ ባዶ ሆኗል፤ ማማውም በሰላም ቆሟል፣ ወደ ሽፋ ማሳ እንዳጋደለ። እግራቸው ሥር ግራይንደሩ አለ።

"መሬቱ እስኪረጋጋ ማማውን አናቃናውም" አሉ። "እስከዚያ ግን ስምህን ብንፍቀው ይሻላል ብዬ ነው። መንገደኛ ምን ያውቃል? ያይና፣ ሰይፉ የሚባል በያጅ አጣሞ ሠራው ይላል። በኋላ ሲቃና መልሰህ ትጽፈዋለህ።"

ሰይፉ ግራይንደሩን አንስቶ ያዘው። ወደ ፊደላቱ ቀረበና በእጅጌው አቧራውን ጠረገላቸው፤ ከመንገዱ ማዶ እንኳ እንዲነበቡ አድርጎ ጠረጋቸው። ከዚያ ግራይንደሩን ለአቶ ሀብተወልድ መለሰላቸው።

"ይቆይ ጋሼ" አለ። "ማን እንዳጋደለው ይነበብ።"